እንቅልፋሙ የማን ነው?

ዛሬም ዓይኗን ጨፍና ያንን ዘመን ስታስብ ቀድሞ የሚመጣላት የመዶሻ ድምፅ ነው። ቋ፣ ቋ፣ ቋ። ትንሽ ጸጥታ፤ ደግሞ ቋ። በስልክ ቤቱ ጣራ ላይ ቆርቆሮ ሲመታ የሚወጣው ድምፅ ኮርኒሱን አልፎ፣ በጆሮ ማዳመጫዋ ገብቶ፣ በሽቦው ተጉዞ ሌላ ከተማ ያለ ደንበኛ ጆሮ ድረስ ይዘልቅ ነበር። አንድ ነጋዴ «እህቴ፣ እዚያ ቤት እየፈረሰ ነው ወይስ እየተሠራ?» ብሎ ጠይቋታል። እሷ ያን ጊዜ ገና ሥራ የጀመረች ስልክ አገናኝ ነበረች፤ ድምፅዋ ማር፣ ትዕግሥቷ ግን ከክብሪት እንጨት ያጠረ። ማዳመጫውን አውልቃ ወደ ግቢው ወጣችና አንጋጣ ጮኸች።

«አንተ! እዚያ ላይ ያለኸው! ሰው እየሠራ ነው እኮ!»

ከጣራው አናት አንድ ቀጭን ወጣት ብቅ አለ። መዶሻውን ቀበቶው ውስጥ ሻጥ አድርጎ ጣቱን ከንፈሩ ላይ ጫነ።

«እሽሽ! ተራራውን እየወጡ ነው።»

ዙሪያዋን አየች። ተራራ የሚባል ነገር የለም። ቀጥሎ ዓይኗ ያረፈው በጣራው አናት ላይ በሽቦ በታሰረች ትንሽ ራዲዮ ላይ ነው።

«የብስክሌት ውድድር ነው» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ጋላቢዎቹ እንዳይረበሹ የሚጠነቀቅ ይመስል። «ሦስት ሳምንት ሙሉ ነው የሚጋልቡት። ጣቢያው ከዚህ ከፍታ በታች አይያዝም።»

«ታዲያ ሥራውን የያዝከው ለራዲዮው ነው?»

«ምን ላድርግ፤ ደመወዙማ ምኑ ይያዛል?»

ነገሩ በዚህ ተጀመረ። ጣራው ካለቀ በኋላም ወጣቱ እዚህ ጋ ያፈሳል፣ እዚያ ጋ ሚስማሩ ላልቷል እያለ ይመላለስ ጀመር። የስልክ ቤቱ ኃላፊ በመጨረሻ «ይህ ጣራ ከዚህ በላይ ከተጠገነ መንገደኛው ቤተ መንግሥት ይለዋል» ብሎ ሳቀ። ተጋቡ።

ባሏን የሠፈሩ ሰው «ድመት» ይለዋል። በጣራ ጫፍ ላይ እጁን ኪሱ ከቶ ሲሄድ ያዩት ናቸው ስሙን ያወጡለት። እሷም ለምዳው፣ በእውነተኛ ስሙ የምትጠራው ሲያስቀይማት ብቻ ነበር።

በትዳራቸው መጀመሪያ ዓመት የውድድሩ ወቅት ሲመጣ ነገሩ አላማራትም። የሚኖሩት በአንዲት ክፍል ነው፤ ባሏ ማምሻውን ራዲዮውን የመስኮቱ ደፍ ላይ ያስቀምጥና ጆሮውን ለጥፎ ይቀመጣል። ብትጠራው «እህ» ይላል፤ ብትቆጣው «እህ» ይላል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ባል እያላት ባል አልነበራትም። በሁለተኛው ዓመት ብልሃት አገኘች።

«ከሰዎቹ ለኔም አካፍለኝ» አለችው።

«የምን ሰዎች?»

«የምትሰማቸውን። አምስት ላንተ፣ አምስት ለኔ። የማን ሰዎች እንደሚበልጡ እናያለን።»

ድመት ፊቱ እንደ ፋኖስ በራ። እስከ እኩለ ሌሊት ሕግ ሲያወጡ አመሹ። የክብሪት እንጨት ዕጣ ይወጣል፤ አጭሩ የደረሰው መጀመሪያ ይመርጣል፤ ከዚያ ተራ በተራ። አንዱ የያዘውን ሌላው አይይዝም። ውድድሩ ከተጀመረ መቀየር የለም። በመጨረሻው ቀን አምስቱ ስንተኛ ስንተኛ እንደወጡ ይደመራል፤ ድምሩ ያነሰ አሸነፈ። አቋርጦ የወጣ ጋላቢ ከመጨረሻው ሰው በታች ይቆጠራል። ተሸናፊው ዓመቱን ሙሉ ጠዋት ጠዋት አልጋ ያነጥፋል።

የጋላቢዎቹ ስም ግን አስቸገረ። በራዲዮው ሽውታ መሐል የሚመጣው የባዕድ ስም አንድ ቀን እንዲህ፣ ሌላ ቀን እንዲያ ይሰማል። ስለዚህ ከጋዜጣ ፎቶ እያዩ የየራሳቸውን ስም አወጡላቸው። ትከሻውን ወዲያና ወዲህ እያወዛወዘ የሚጋልበው «አናጢው» ተባለ። ጭቃ የማይነካው፣ ሁልጊዜ ልብሱ የተተኮሰ የሚመስለው «ሙሽራው» ሆነ። ዘመን ሲያልፍ አናጢዎችና ሙሽሮች እያረጁ ሄዱ፣ ሌሎች ተተኩ። ራዲዮው በቴሌቪዥን ተለወጠ፣ አንዷ ክፍል ሦስት ሆነች፣ ሴት ልጅ ተወለደች፣ ስልክ ቤቱም አገናኝ የማይፈልግ መሣሪያ አስገብቶ እሷን በጡረታ ሸኛት። ጨዋታው ግን እንዳለ ቀረ።

እንቅልፋሙ የመጣው ልጅቷ ትምህርት ቤት ከገባች በኋላ ነው። የመጀመሪያው ፎቶው ላይ የዓይኖቹ ሽፋን እስከ ግማሽ ወርዶ ብስክሌቱ ላይ ያንቀላፋ ይመስላል። ለቡድኑ መሪ ውኃ የሚያመላልስ ጀማሪ ነበር። ድመት አምስተኛ ሰው አጥቶ ለማሟያ ያዘው። በዚያ ዓመት ያ ውኃ አመላላሽ መሪው ሲደክምበት ብቻውን ወጥቶ ሁለት ተራራ ተሻገረና ከፊተኞቹ ተርታ ጨረሰ። ድመት ያን ቀን ልጁን ትከሻው ላይ አድርጎ ግቢውን ዞረ።

ከዚያ ወዲያ ዕጣው ለማንም ይውጣ፣ እንቅልፋሙ የድመት ነው። ይህ በሕጉ ውስጥ የለም። ግን እንደ ባል ካልሲ ሆነ፤ ሌላ ሰው አይለብሰውም። ሰውየው ዕድሜው ገፍቶ ከፊተኞች ተርታ ወደ መሐል፣ ከመሐልም ወደ ኋላ እየተንሸራተተ ሲመጣ እንኳ ድመት ከመጀመሪያ ምርጫው ፈቀቅ አላለም። በእሱ የተነሳ ስንት ዓመት አልጋ አነጠፈ!

«ተወው እንጂ፤ ሰውየው አልቆለታል» ትለዋለች።

«ሰው ሲያረጅ ይጣላል እንዴ? ነገ እኔንም ትጥይኛለሽ ማለት ነው።»

ልጃቸው አድጋ በመድኃኒት ቤት ተቀጠረች፤ የቴክኖሎጂ ሰው ናትና በስልክ የሚጫወቱትን የጋላቢ መረጣ ልታስለምዳቸው ሞከረች። እያንዳንዱ ጋላቢ ዋጋ አለው፤ በተመደበልህ በጀት ገዝተህ ቡድን ትሠራለህ፤ ከመላው ዓለም ሰው ጋር ትወዳደራለህ።

«ሰውን በዋጋ?» አለ ድመት። «በሬ ነው?»

እናትየው ደግሞ መነጽሯን አድርጋ ጥቂት አየችና፣ «ይሄው እንቅልፋሙን አንቺም ይዘሽዋል፣ እኔም ልይዘው እችላለሁ ይላል» አለች።

«አዎ እማዬ፤ ሁሉም ሰው ሊይዘው ይችላል።»

«ሁላችንም አንድ ሰው ከያዝን ታዲያ በምን እንጣላለን?»

ልጅቷ ስልኳን ዘጋች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሥራዋ የወላጆቿን ድምር መደመር ሆነ፤ «ዳኛዋ» ይሏታል።

*

ነገር የተበላሸው ባለፈው የዝናብ ወራት ነው። ድመት ከእህቱ ልጅ ጋር አንድ መጋዘን ቆርቆሮ ያለብሱ ነበር። የእህቱ ልጅ ራሱ የልጆች አባት ነው፤ ሙያውን ከአጎቱ ተምሮ ዛሬ አብሮት ነው የሚሠራው። ረፋድ ላይ ድመት ቆርቆሮ ሊቀበል ጎንበስ ሲል ሰማዩ ዞረበት። እግሩ ከዳው፤ በደረቱ ተንሸራቶ እስከ ጫፉ ወረደ። ያተረፈው አሸንዳው ነው። ተጣሞ፣ ግን ሳይበጠስ ያዘው።

«ለሚስቴ ትንፍሽ ብትል አልምርህም» አለው የእህቱን ልጅ።

የእህቱ ልጅ ማታውኑ መጥቶ ነገራት። «እትዬ፣ ከምቀብረው ቢቀየመኝ ይሻላል» አላት።

ሐኪም ቤት በግድ ወሰዱት። ሐኪሙ ጆሮውን መረመረ፣ ዓይኑን አስጨፍኖ አቆመው፣ ወዲያና ወዲህ አስኬደው። የሰውነት ሚዛን የሚጠበቀው በጆሮ ውስጥ ነው አለ፤ የሱ ደግሞ ተጎድቷል። ምድር ላይ ችግር የለውም። ከፍታ ላይ ግን ከእንግዲህ አይውጣ።

«ሐኪሙ ጣራ ወጥቶ ያውቃል?» አለ ድመት ከበሩ ሲወጡ።

ሳምንትም አላረፈ። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ የተባለው ለሱ ነው። መሰላሉን ይዞ ጠዋት ሲወጣ እሷ በመስኮት ታየዋለች፤ ከዚያ እስኪመለስ ቀኑ አይመሽላትም። ዕድሜዋን ሁሉ ስልክ ስታገናኝ የኖረችው ሴት አሁን ቤቷ ውስጥ ስልክ ሲጠራ ማንሳት ትፈራለች። አንድ ቀን ልጇ ልብስ ስለማስተኮስ ልትነግራት ደውላ እናቷ «ሞተ?» ብላ ስትመልስላት፣ ልጅቷ ሥራዋን ጥላ ወደ ቤት መጣች።

መከሩት፣ ለመኑት፣ ተቆጡት። ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ። በመጨረሻ አንድ እሑድ አራቱም ምሳ ላይ ሳሉ ጭቅጭቁ ከረረና ድመት ማንኪያውን አስቀመጠ።

«እናንተ ሦስት ናችሁ፣ እኔ አንድ ነኝ፤ በጩኸት አልችላችሁም። ውድድሩ በሚቀጥለው ሳምንት ይጀመራል አይደል? እሷ ካሸነፈችኝ ጣራ አልወጣም። እኔ ካሸነፍኩ ግን ከእንግዲህ ስለ ጣራ በዚህ ቤት የሚያነሳ ሰው እንዳይኖር።»

«አጎቴ፣ ይሄ ነገር በጨዋታ…» አለ የእህቱ ልጅ።

«ብያለሁ።»

እሷ ባሏን አየችው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ መሆኑን ለሱ የሚያስተምረው የለም፤ ቃሉን አጥፎ አያውቅም። ሐኪም ያላወረደውን ይህ ቃል ሊያወርደው ይችላል።

«ተስማምቻለሁ» አለች።

ያን ሳምንት እንቅልፍ አልነበራትም። ጋዜጣ ታገላብጣለች፣ የልጇን ስልክ ተውሳ ዜና ታነባለች። ግን እሷን ያስጨነቃት ጋላቢዎቹ አልነበሩም። ባሏን ታውቀዋለች። ሲረጋጋ ሰው መምረጥ ይችላል፤ ሲናደድ ግን ዓይኑ አያይም። አንድ ጊዜ ጎረቤት አናዶት የራሱን ቤት ቆርቆሮ ገልብጦ መትቷል። ስለዚህ የሚያናድደውን ፈለገች።

ዕጣ ወጣ፤ አጭሩ እንጨት እጇ ላይ ቀረ። ዳኛዋ እስክሪብቶዋን አዘጋጀች።

«እማዬ፣ የመጀመሪያ ምርጫሽ?»

«እንቅልፋሙ» አለች።

 ልጅቷ እስክሪብቶውን አልጫነችም። ድመት ሚስቱን አየ፤ ቀጥሎ ልጁን አየ፤ ቀጥሎ የራሱን መዳፍ አየ።

«ይሄን አደረግሽው?»

«ሕጉ አይከለክልም።»

«አዎ፣ ሕጉማ አይከለክልም» አለ። እሷ ቁጣውን ጠበቀች። ድመት ግን ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ ሁለት ዓመት በተከታታይ ያሸነፈውን፣ በዓለም አንደኛ የሚባለውን ጎረምሳ፣ «ችኩሉን» ጠራ። በተራው ደግሞ ሌላ የተመሰከረለት። ደግሞ ሌላ። እንደ ቆርቆሮ አንዱን ባንዱ ላይ እያስተካከለ ደረደራቸው።

ሲጨርሱ ልጅቷ እናቷን ወደ ማድቤት ጎትታ ወሰደቻት።

«እማዬ ምን ነካሽ? ችኩሉ ክፍት ነበር እኮ! አባዬ ስንት ዓመት የተሸነፈው የመጀመሪያ ምርጫውን በዚያ ሽማግሌ እያባከነ ነው። አንቺ ሸክሙን አወረድሽለት!»

እሷ የእጅ ፎጣውን ይዛ ቆመች። ባሏን ከራሱ በላይ ታውቀዋለች ተብላ የምትመሰገን ሴት፣ ይህን አላየችውም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ሌላ ሰው ቢሆን ይህን ስህተት አይሠራም ነበር፤ ለሌላ ሰው እንቅልፋሙ ያረጀ ጋላቢ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም።

*

የመጀመሪያው ሳምንት እንደተፈራው ሆነ። የድመት ሰዎች ከፊት፣ የሷ ከኋላ። ከሰዓት በኋላ ሁለቱም ቴሌቪዥኑ ፊት ይቀመጣሉ፤ ያለወትሯቸው ግን አይነጋገሩም። ቀድሞ እሱ «አናጢሽ ደከመው፣ ቀለብ ስጪው» ይላታል፣ እሷ «ያንተ ሙሽራ መስታወት ረስቶ መጣ» ትለዋለች። አሁን ማስታወቂያ ሲመጣ ብቻ ነው ድምፅ የሚሰማው። ውርርዱ እስኪለይ ድረስ ጠዋት ጠዋት ሥራው ይሄዳል፤ ጣራ ላይ ይወጣል። እሷም ስልኩን ከሩቅ ትመለከተዋለች።

በሁለተኛው ሳምንት ነገር ተገለበጠ። ችኩሉ ትኩሳት ያዘውና አንድ ጠዋት ከሆቴሉ ሳይወጣ ቀረ፤ አቋርጧል ተባለ። በሕጉ መሠረት ከመጨረሻው ሰው በታች ተቆጠረ። የድመት ድምር እንደ ጎርፍ ሞላ።

በዚያው ሳምንት መጨረሻ ደግሞ አንድ ሰው ከመንጋው ተነጥሎ ወጣ። ሜዳው ረጅም ነው፣ ነፋሱ ከፊት ነው፤ ማንም አልተከተለውም። ካሜራው ሲቀርብ የዓይኖቹ ሽፋን እስከ ግማሽ ወርዷል።

ድመት ከወንበሩ ጫፍ ላይ ደረሰ።

«ና… ና የኔ ልጅ… ዞር ብለህ አትይ፤ ምን ያደርግልሃል ዞሮ ማየት! ና!»

ከዚያ ሚስቱና ልጁ እንደሚያዩት አወቀና አሳለ።

«አባዬ፣ ለማን ነው የምትጮኸው?» አለች ዳኛዋ።

«ለስፖርቱ።»

«እሱ ካሸነፈ እኮ አንተ ትሸነፋለህ።»

«የጠየቀሽ አለ?»

እንቅልፋሙ ያን ቀን አንደኛ አልወጣም፤ መጨረሻ ላይ ሦስት ጎረምሶች አልፈውታል። ግን ብዙ ደቂቃ አተረፈ፣ ደረጃው ዘለለ። ከጥቂት ዓመት ወዲህ እንዲህ ጋልቦ አያውቅም። ማታ ልጅቷ ስትደምር እናትየው በጥቂት ነጥብ ትመራለች። ድመት ይህን ሲሰማ ፊቱ ላይ ሁለት ነገር ሲታገል አየች። እራቱን ሳይጨርስ ተነሳ፤ ሲሄድ ግን እያፏጨ ነበር።

ከዚያ ጀምሮ ቤቱ ውስጥ እንግዳ ነገር ሆነ። ጠዋት ሥራ ሊሄድ ሲል «ያ ሰው ዛሬ ቀዝቃዛ ቦታ ነው የሚጋልበው፤ እጅጌ ያለው ልብስ ቢለብስ ጥሩ ነበር» ይላታል። እሷ ስለ ልጇ እንደምትጠየቅ እናት «ይለብሳል» ትለዋለች። የእህቱ ልጅ መጥቶ አጎቱ ጣራ ላይ ሆኖ ያለ ማቋረጥ ስለ እንቅልፋሙ እንደሚያወራ ነገራት።

«እትዬ፣ እኔ የማን ደጋፊ እንደሆነ ግራ ገብቶኛል። የሱን ሰዎች ስም አንስቶ አያውቅም።»

«ተወው» አለችው። «ራሱም ግራ ገብቶታል።»

የመጨረሻው የተራራ ቀን ደረሰ። ከሱ ቀጥሎ ያለው የፍጻሜው ቀን ሽርሽር ነው፤ ደረጃ አይለውጥም። ስለዚህ ቤተሰቡ ሁሉ ነገር ዛሬ እንደሚያልቅ ያውቃል። የእህቱ ልጅ አልመጣም፤ «ልቤ አይችልም፣ ደውሉልኝ» ብሎ ቀረ። ሦስቱ ተቀመጡ፤ እሱ በወንበሩ፣ እሷ በአልጋው ጠርዝ፣ ዳኛዋ መሬት ላይ እግሯን አጣጥፋ።

እዚያ ዝናብ ይዘንባል። መንገዱ እንደ ተወለወለ ብረት ያበራል። እንቅልፋሙ ሽቅቡን ከመሐለኞቹ ጋር ደህና አድርጎ ወጣ፤ ደረጃው እንዳለ ነው። ቀሪው ቁልቁለት ብቻ ነው።

«ቀስ በል» አለ ድመት። «እርጥብ ነው። ፍሬን ከመጣጠፊያው በፊት ነው የሚያዘው እንጂ ከገቡ በኋላ አይያዝም።»

እሷ ወደ እሱ ዞረች። ይህን ድምፅ ታውቀዋለች፤ የእህቱን ልጅ እርጥብ ቆርቆሮ ላይ «ቀስ በል» እያለ ሲያስተምረው በዚሁ ድምፅ ነበር። ዓይኗን ወደ ቴሌቪዥኑ ስትመልስ እንቅልፋሙ ወድቋል።

እንዴት እንደወደቀ ካሜራው አላሳየም። የታየው ብስክሌቱ ከመንገድ ዳር ተጋድሞ፣ አንዱ ጎማ እየዞረ፣ እሱ ደግሞ አጭር የድንጋይ ግንብ ላይ ተቀምጦ ክርኑን በሌላ እጁ ደግፎ ነው። መካኒኩ አዲስ ብስክሌት እየሮጠ አመጣለት። እንቅልፋሙ ተነሳ። እጁን ኮርቻው ላይ ጣለ። ቆመ።

«ውጣ!» ድመት ብድግ አለ። «ውጣበት! አይዞህ! ትንሽ ነው የቀረው! ውጣ እንጂ አንተ!»

ልጅቷ አባቷን እያየች አፏን በእጇ ሸፈነች። ሰውየው አንድ እግሩን አንስቶ ሊሻገር ሞከረ፤ ክርኑ አልታዘዘም። ሌሎች ጋላቢዎች በአጠገቡ እንደ ጥይት ያልፋሉ። እንቅልፋሙ ጥቂት አሰበ የሚመስል ቆመና ብስክሌቱን ለመካኒኩ መለሰለት። የቡድኑ መኪና በር ተከፈተ። ጎንበስ ብሎ ገባ። በሩ ተዘጋ።

ድመት እንደቆመ ቀረ።

ዳኛዋ ደመረች፤ ሁለት ጊዜ ደመረች። «አቋረጠ ማለት ከመጨረሻው በታች ነው» አለች ቀስ ብላ። «አባዬ አሸንፏል።»

የፈሩት ይደርሳል ይባላል። እሷ እጆቿን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። የስልክ ቤት ሰው ናት፤ መጥፎ ወሬ ያለ ድምፅ ለውጥ ማድረስ ለምዳለች።

«አሸንፈሃል» አለችው። «ጣራህን ውጣ። እኔም አላነሳም።»

ድመት ተቀመጠ። «ምኑን ነው ያሸነፍኩት?»

«ሰማሃት እኮ። እንቅልፋሙ አቋረጠ። የኔ ሰው ነው።»

«ያንቺ ሰው?» ድመት ወደ እሷ ዞረ። «እንቅልፋሙ ነው ያንቺ ሰው? ስንት ዓመት ነው የያዝኩት? ጀማሪ ሆኖ፣ ውኃ ሲያመላልስ፣ ማንም ስሙን ሳያውቅ የያዝኩት እኔ ነኝ!»

«ዘንድሮ የያዝኩት እኔ ነኝ። ሕጉ…»

«ሕጉን ተይው። ቀማሽኝ እንጂ መች ያዝሽው። ሰውየው የኔ ነው። የወደቀው የኔ ሰው ነው!»

«አባዬ» አለች ልጅቷ፣ «እንደዚያ ከሆነ እኮ አንተ…»

እናትየው በእግሯ ጫፍ ልጅቷን ነካ አደረገቻት። 

መጀመሪያ እምቢ ያለችው ከልቧ ነበር። በጨዋታ ውስጥ ምጽዋት አትቀበልም፤ ከተሸነፈች ተሸነፈች ነው። ከዚህ ሰው ጋር ግን አንድ ሙሉ ዕድሜ ኖራለች፤ አሁን የሚለው ነገር የት እንደሚደርስ ከሱ አንድ እርምጃ ቀድማ አየችው። ቶሎ «እሺ» ብትለው ይባንናል። ስለዚህ ሁለተኛውን እምቢታ ከብልሃቷ አወጣችው።

«አልሰጥም» አለች። «በደህናው ቀን የኔ ነበር፣ በክፉው ቀን ያንተ ይሁን? አልሰጥህም። ሕዝብ ቢሰማ ምን ይላል?»

«ሕዝብ ምን አገባው? በሱ የተነሳ ያን ሁሉ ዘመን አልጋ ያነጠፈው ማነው? አንቺ ነሽ? አንድ ቀን ለእንቅልፋሙ አልጋ አንጥፈሻል?»

«አላነጠፍኩም።»

«እህ! ታዲያ የማን ነው?»

«በወረቀቱ ላይ በስሜ ነው ያለው።»

«ወረቀቱን ቅደጂው!» አላት ልጁን። «ዳኛ አይደለሽ? አንቺ ፍረጂ። ሰውየው የማን ነው?»

ልጅቷ ወደ እናቷ አየች። እናቷ የአልጋውን ልብስ ክር ትለቅማለች፤ ቀና አላለችም።

«እኔ እንጃ» አለች ልጅቷ። «ስወለድም እንቅልፋሙ ያንተ ነበር የሚመስለኝ።»

«ይኸው!» ድመት ጭኑን መታ። «ሕፃን የመሰከረው ነው። የኔ ነው። በሱ ፈንታ ከሰዎቼ የተሻለውን አንቺ ያዥው፣ ከፈለግሽ ሁሉንም ያዥ። እንቅልፋሙ ግን የኔ ነው። የወደቀውም፣ የወረደውም የኔ ነው።»

ቴሌቪዥኑ ውስጥ አንዱ ጎረምሳ እጁን ዘርግቶ አንደኛ እየገባ ነው። ማንም አላየውም። እሷ ክሩን መልቀሙን ተወች።

«እንዲያ ከሆነ ይሁን» አለች። «ያንተ ነው።»

ድመት «አዎ» ሊል አፉን ከፈተ። ከዚያ የተናገረው ነገር ከራሱ ጆሮ የደረሰ ይመስል ቆም አለ። ልጁን አየ፤ ልጁ ወረቀቱን እያየች ነው። ሚስቱን አየ፤ አሁን ቀና ብላ በቀጥታ ታየዋለች፤ አልሳቀችም፣ አላዘነችም። የወደቀው ሰው የሱ ከሆነ የተሸነፈው እሱ መሆኑን አሁን ያውቃል፤ እሷም እንደምታውቅ ያውቃል። ጉልበቱን በሁለት እጁ ይዞ ጥቂት ተቀመጠ።

ከዚያ በእግሩ ጣት ከወንበሩ ሥር ጫማውን ፈለገ፤ አንዱን አገኘ፣ ሌላውን ጎንበስ ብሎ አወጣ። ተረከዙን እየረገጠ አጠለቀው። ተነሳ፤ ወንበሩን ወደ ቦታው መለሰ። «መጣሁ»ም አላለ፣ «ደህና ዋሉ»ም አላለ። በሩን ከፍቶ፣ ደጃፉ ላይ የቆመውን መሰላል ሳይነካ አልፎ ወጣ።